ነጻ የዜግነት ፈተና ዝግጅት ትምህርት፦ ማክሰኞን ብትቀሩም ሐሙስን አትቅሩ

በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር ሆኜ ጠጉሬ ሸብቷል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ይወቅልኝ፤ ሰሌዳ ፊት የቆመን ሰው ሳልመዝን አላልፍም። ባለቤቴ «አንተ እኮ ቤተ ክርስቲያንም ሄደህ ሰባኪውን ነው የምታርመው» ትለኛለች። አልተሳሳተችም። አሁን ሌሊት ሌሊት በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ እሠራለሁ። የዜግነት ማመልከቻ የምናስገባበት ጊዜ ሲቃረብ ሁለታችንም የፈተና ዝግጅት ትምህርት ተመዘገብን፤ የምጽፈውም ስለዚያ ትምህርት ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በሜሪላንድ በኩል ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምወቅሰው ነገር አለ፣ አስተማሪዎቹ ደግሞ ሳንቲም ሳይከፈላቸው ከሥራ መልስ የሚደክሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ተመሳሳይ ትምህርት በየቤተ መጻሕፍቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለሚሰጥ፣ የትኛውንም ስትመርጡ የምለው ነገር ለማመዛዘን ይረዳችኋል። ክፍያ የለውም። የሚሰጠው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሲሆን ማክሰኞ አንዲት ወጣት፣ ሐሙስ አንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ያስተምራሉ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። የማክሰኞውን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልትተኩት ትችላላችሁ። የሐሙሱን ግን በገንዘብም የምታገኙት አይመስለኝም።

ፈተናው ምን እንደሚመስል ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማመልከቻችሁን ይዞ ይጠይቃችኋል፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በእንግሊዝኛ ታነባላችሁ፣ ከሦስት አንዱን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ስለ አሜሪካ መንግሥትና ታሪክ በቃል ትጠየቃላችሁ። ማመልከቻቸውን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያስገቡ ሰዎች የሚጠየቁት ከ128 ጥያቄዎች መካከል እስከ 20 ነው። 12 የመለሰ ያልፋል፣ 9 የሳተ ይወድቃል፣ ጥያቄውም እዚያው ላይ ይቆማል። ከዚያ ቀን በፊት ያስገቡት በቀድሞው ሥርዓት ከ100 ጥያቄዎች እስከ 10 ተጠይቀው 6 ይመልሳሉ። ይህን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለባለቤቴ ከዘመድ በቴሌግራም የደረሳት የአማርኛ ጥራዝ የድሮው ባለ 100 ጥያቄ ነበር፤ ግማሹን አጥንታዋለች። ወጣቷ አስተማሪ በመጀመሪያው ምሽት ይህን ልዩነት ጥርት አድርጋ አስረድታ፣ አዲሱን ዝርዝር ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በነጻ እንድናወጣ ስላሳየችን ምስጋናዬን ነፍጌ አልጀምርም።

ምስጋናዬ ግን ከዚያ ብዙ አይራመድም። የማክሰኞ ትምህርት የካርድ ትምህርት ነው። ወጣቷ ካርዱን ከፍ ታደርጋለች፣ ጥያቄውን ታነባለች፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ መልሱን ይላል፣ ካርዱ ይገለበጣል። ዳዊት የሚደግም የቆሎ ተማሪ እንኳ ከንባቡ በኋላ ትርጓሜ ይጠብቀዋል፤ እዚህ ትርጓሜ የሚባል ነገር የለም። «የሀገሪቱ የበላይ ሕግ ምንድን ነው?» ሲባል አዳራሹ «ሕገ መንግሥቱ!» ብሎ ይጮሃል። ከጎኔ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ከሁላችን አስቀድመው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ዝቅ ብዬ «እማማ፣ የበላይ ሕግ ሲባል ከምን የበላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «መምህር፣ እሱን አልጠየቁኝም፤ ስትጠየቅ ነው የሚመለሰው» አሉኝ። እሳቸው ምን ያድርጉ፤ ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው።

ስለ እኚህ እናት አንድ ሌላ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ውስጥ እናት አባቶቻችን ሳያውቁት የሚቀርባቸው መብት ነው። ዕድሜው 65 የሞላና በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የሞላው ሰው 128ቱን ማጥናት አይጠበቅበትም። ለእነርሱ ተለይተው ኮከብ ምልክት የተደረገባቸው 20 ጥያቄዎች አሉ፤ ከእነዚያ 10 ይጠየቃሉ፣ 6 ከመለሱ ይበቃል። በዚያ ላይ እንግሊዝኛ አይፈተኑም፤ አስተርጓሚ ይዘው በአማርኛ መመለስ ይችላሉ። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖሩም ሙሉውን ጥያቄ ያጠናሉ እንጂ ከእንግሊዝኛው ነጻ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ እኚህ እናት 128 ካርድ ሲያላብሳቸው ማንም ዕድሜያቸውን አልጠየቀም። የጠየቋቸው የሐሙሱ ጠበቃ ናቸው፤ ጠይቀውም አንዲት ገጽ ወረቀት ሰጧቸው። ለማክሰኞ ትምህርት ከአምስት ኮከብ ከሁለት በላይ እንዳልሰጥ ካደረጉኝ ነገሮች ዋናው ይህ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ያስቃል። ክፍላችን ውስጥ ዲሲ ውስጥ የሚኖር አንድ ወንድማችን ነበረ፤ ለሥራ ወደ ሜሪላንድ ስለሚመጣ ይቀርበዋል ብሎ እዚሁ ተመዝግቧል። «ከክፍለ ግዛትህ ሴናተሮች የአንዱን ስም ጥቀስ» የሚለው ካርድ ሲደርሰው ወጣቷ የሜሪላንዱን ሴናተር ስም አስጠናችው። እሱም ታዛዥ ተማሪ ነውና ያዘው። ሐሙስ ዕለት ጠበቃው ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ዲሲ ክፍለ ግዛት ስላልሆነች ሴናተር የላትም፤ ለዲሲ ነዋሪ ትክክለኛው መልስም «ሴናተር የለንም» የሚል ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ያላቸው ተወካይም ምክር ቤቱ ሕግ ሲያጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ፕሬዚዳንት መምረጥ የቻሉት እንኳ የሕገ መንግሥቱ 23ኛው ማሻሻያ በ1961 ከጸደቀ በኋላ ነው። በዲሲ መኪኖች ታርጋ ላይ ያለ ውክልና ግብር ስለመክፈል የሚያማርረውን ጽሑፍ ስንት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ። ያ ወንድማችን ግን ከዚያ ቀን በኋላ የከተማው ጠበቃ ሆኖ ቀረ፤ በየእረፍቱ የሚያወራው ስለ ውክልና ነው። አንድ ካርድ በቅጡ ሲብራራ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እዚህ ላይ ይታያል።

ወደ ሐሙስ እንምጣ።

ጠበቃው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለድሆች በመንግሥት ወጪ የሚቆም ተከላካይ ጠበቃ ሆነው የኖሩ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፤ ሰሌዳው ላይ ብዙ አይጽፉም። በመጀመሪያው ሐሙስ ለእያንዳንዳችን ሕገ መንግሥቱን ሙሉውን የያዘች የኪስ መጽሐፍ አደሉን። «ይህን ሰነድ ማንም እንዲተርክላችሁ አትፍቀዱ፤ እኔም ጭምር» አሉ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር፣ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች ራሱን ጥራዙን በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ አስይዤ አላስተማርኩም፤ ጥራዙ አይበቃም ነበር። የአሜሪካው ደግሞ አጭር ነው። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተጻፈው ዋናው ክፍል ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ 27 ማሻሻያዎች ተጨምረውበታል። በአንድ ምሽት አንብቦ መጨረስ ይቻላል።

ስለ ሦስቱ የመንግሥት አካላት ብዙ አልቆየም። 435 ድምፅ ያላቸው ተወካዮች፣ 100 ሴናተሮች፣ ዘጠኝ ዳኞች፣ ለሁለት ዘመን ብቻ የሚመረጥ ፕሬዚዳንት፤ ይህን ሁሉ ቤታችሁ ታነቡታላችሁ። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማን ነው? በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አጣሪ ጉባኤው መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤት አይደለም። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ኖሬአለሁ። እዚህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። ሆኖም ጠበቃው መጽሐፏን አስከፈቱንና «ፍርድ ቤቱ የምክር ቤትን ሕግ መሻር ይችላል የሚል መስመር ፈልጉልኝ» አሉ። አንቀጽ 3ን ደጋግመን አነበብን። የለም። ያ ሥልጣን የመጣው በ1803 ማርበሪ የተባለ ሰው ማዲሰን በተባለ ባለሥልጣን ላይ ባቀረበው ክስ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ማርሻል በጻፉት ፍርድ ነው። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ከሆነ፣ ዳኛ ደግሞ ሥራው ሕግ ምን እንደሚል መናገር ከሆነ፣ ከበላዩ ሕግ ጋር የሚጋጨውን ሕግ ውድቅ ከማድረግ ሌላ ምን ምርጫ አለው ብለው ተከራከሩ። እማማ ከጎኔ ሆነው «የበላይ ማለት እሱ ነዋ» አሉኝ። የማክሰኞው ካርድ ሐሙስ ላይ ተፈታላቸው።

ደግሞ ፍርድ ቤቱን ጣዖት አላደረጉትም። በ1857 ድሬድ ስኮት የተባለው በባርነት የነበረ ሰው ነጻነቱን ሲጠይቅ ያው ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ያንን ለመሻር የእርስ በርስ ጦርነትና በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ አስፈለገ። እዚህ አገር የተወለደ ሰው ዜጋ ነው የሚለው ድንጋጌ የተጻፈውም በዚሁ ማሻሻያ ነው። ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ከጉዞ ሲመለስ ዜጋ አይደለህም ተብሎ ቢከለከልም በዚያ ማሻሻያ ተከራክሮ በ1898 ረታ። የበላ ልበልሃ አገር ልጆች ነንና ክርክሩን ስንሰማ የክፍሉ ግማሽ ኢትዮጵያዊ ወገን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር።

አሁን ከሁሉ የበለጠውን ምሽት ልንገራችሁ።

ጠበቃው ያን ቀን ሲገቡ «ይህ ክፍል አፓርታማ ቁጥር 204 ነው፤ እናንተ ቤተሰብ ናችሁ፤ እራት ላይ ናችሁ» አሉና ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ትንሽ ቆይተው በሩን በጡጫ ደበደቡት። ከኤልሳልቫዶር የመጣ አንድ ወጣት ፈጥኖ ተነሥቶ እጀታውን ያዘ። ልማድ ነው፤ እኔም አጠገቡ ብሆን እከፍት ነበር። ከውጭ «ወረቀት አለኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ወጣቱ ወደ እኛ ዞሮ አየ። ባለቤቴ «ከሥር አስገባው በለው» አለችው በእንግሊዝኛዋ። ወረቀቱ በበሩ ሥር ተንሸራትቶ ገባ። ራስጌው ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም አለ፣ ማኅተም የሚመስል ነገር አለ፣ ግርጌው ላይ ፊርማ አለ። ሁላችንም ትክክለኛ ነው አልን። ጠበቃው ገብተው «ማነው የፈረመው?» አሉ። ስናይ የፈረመው የመሥሪያ ቤቱ መኮንን እንጂ ዳኛ አልነበረም።

እንደገና ወጡ፣ እንደገና አንኳኩ፣ ሁለተኛ ወረቀት አስገቡ። ይህኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ስም አለበት፣ የዳኛ ፊርማ አለበት፣ ቀኑም አላለፈም። አሁን ይከፈታል ብለን ተስማማን። እማማ ግን ወረቀቱን ከወጣቱ እጅ ተቀብለው ወደ መብራቱ አስጠጉት። እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው፣ ቁጥር ግን ያነባሉ። «ይሄ 304 ይላል» አሉኝ በአማርኛ፤ «እኛ ያለነው 204 አይደለም እንዴ?» ተረጎምኩላቸው። ጠበቃው በሩን ከፍተው ገቡና አጨበጨቡላቸው።

ከዚያ በኋላ ነው አራተኛውን ማሻሻያ ያስነበቡን። በእንግሊዝኛው 54 ቃላት ብቻ ናት። ሰው በአካሉ፣ በቤቱ፣ በሰነዱና በንብረቱ ያለ አግባብ ከመፈተሽና ከመያዝ የተጠበቀ ነው፤ የብርበራ ማዘዣ የሚወጣው በቂ ምክንያት ሲኖር፣ በመሐላ ሲደገፍ፣ የሚፈተሸው ቦታና የሚያዘው ሰው ወይም ዕቃ ተለይቶ ሲጻፍ ነው። ለምን ቦታው ተለይቶ? የእንግሊዝ ንጉሥ ሹማምንት በቅኝ ግዛቱ ዘመን የማንንም ቤት በማንኛውም ጊዜ የሚያስከፍት ጥቅል ማዘዣ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ በ1761 ቦስተን ላይ ጄምስ ኦቲስ የተባለ ጠበቃ ይህን በችሎት ተቃውሞ ተሟገተ። በ1791 የጸደቀችው ማሻሻያ የዚያ ቁጭት ልጅ ናት። ጠበቃው ይህን ሲናገሩ ከእማማ ወረቀት ላይ ያለውን 304 በጣታቸው እያሳዩ ነበር። እኔ በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ታሪኩን አስቀድሜ፣ አንቀጹን አስከትዬ፣ ምሳሌውን በመጨረሻ ነበር የምሰጠው፤ ሰዓቱ ካለቀ የሚቀረውም ምሳሌው ነበር። እሳቸው ገለበጡት።

እማማ ሲወጡ «እኛ ዘንድ በሕግ አምላክ ሲባል የሮጠ ይቆም ነበር፤ እነዚህ ደግሞ በወረቀት ነው የሚያስቆሙት» አሉኝ።

አንድ ማሳሰቢያ ጠበቃውም ሰጥተዋል፣ እኔም እደግመዋለሁ። የኢሚግሬሽን መኮንን የፈረመበት ወረቀት ብቻውን ቤት ለመግባት ያስችላል ወይስ አያስችልም በሚለው ላይ መንግሥትና ተሟጋቾች አሁንም ይከራከራሉ። ስለዚህ የክፍል ልምምድን እንደ ጠበቃ ምክር አትውሰዱ፤ ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃ ያማክር። በር ላይ ከመጣ ሰው ጋርም መታገል አይደለም የተማርነው። ማንበብ፣ አልፈቅድም ብሎ በቃል መናገር፣ ከዚያም የሆነውን መመዝገብ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስለ ዝምታ ተማርን። ፊልም ላይ ፖሊስ ሲይዝ የሚያነበንባት «ዝም የማለት መብት አለህ» የምትለው ነገር የመጣችው በ1966 ሚራንዳ የተባለ ተከሳሽ በአሪዞና ክፍለ ግዛት ላይ ካገኘው ፍርድ ነው። ያላወቅሁት ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ መብቱን የሚፈልግ ሰው እንደሚፈልገው በግልጽ መናገር አለበት ብሎ ወስኗል። ለሰዓታት ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ አንዲት ቃል የመለሰ ሰው ያቺው ቃል ማስረጃ ሆነችበት። ስለዚህ ጠበቃው እያንዳንዳችንን አስነሥተው በእንግሊዝኛ «መናገር አልፈልግም፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» አስባሉን። የክፍሉ ዓይነ አፋር ሁሉ ተራው ደረሰው። ፖሊስ ሲያናግረን አንገት ሰብሮ ማብራራት ልማዳችን ስለሆነ ከሁሉ የከበደን ይህ ልምምድ ነበር።

ስለ ጠበቃ መብት ሲነሣ የጊዴዮንን ታሪክ ተረኩልን። ክላረንስ ጊዴዮን ፍሎሪዳ ውስጥ ፓናማ ሲቲ በምትባል ከተማ የቢሊያርድ ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ድሃ ነው፤ ጠበቃ ይቁምልኝ አለ፤ የክፍለ ግዛቱ ዳኛ ለእንዲህ ያለ ክስ አይቻልም አሉት። ራሱን ተከራክሮ ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታ ጻፈ። በ1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ጠበቃ በመንግሥት ወጪ ሊቆምለት ይገባል አሉ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ጠበቃ ቆመለትና ነጻ ወጣ። ጠበቃው ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ተቀየረ፤ የዕድሜ ልክ እንጀራቸው የመጣው ከዚያ አቤቱታ ነውና። ግን ሳያጣፍጡ ጨመሩበት። ይህ ለወንጀል ክስ ነው፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጠበቃ ማቆም ብትችሉም የምታቆሙት በራሳችሁ ወጪ ነው። እንዲህ ያለውን እውነት ሳይሸፍን የሚያስተምር ሰው እወዳለሁ።

የመጀመሪያውን ማሻሻያ በአንድ ምሽት ጨረሱት፤ ሃይማኖት፣ ንግግር፣ ኅትመት፣ መሰብሰብ፣ አቤቱታ። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ከካሜሩን የመጣ አባት ልጁ በትምህርት ቤት የባንዲራ ቃል ኪዳን እንዲል ይገደድ እንደሆነ ጠየቀ። በ1943 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየጋመ ሳለ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማንም ተማሪ ሊገደድ አይችልም ተብሎ ተወስኗል። አባትየው ደነገጠ፤ «በጦርነት ጊዜ?» አለ። በጦርነት ጊዜ።

ከአምስት ኮከብ ለሐሙስ አራት ተኩል የምሰጠው፣ ግማሿን የምቀንሰው ስለ አካባቢ መንግሥት ምንም ስላላስተማሩን ነው። ሁሉ ነገር ዋሽንግተን ሆነ። የልጃችሁን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው የትምህርት ቦርድ፣ የቤት ግብራችሁን የሚወስነው የካውንቲ ምክር ቤት በዕለት ኑሯችን ላይ ከሴናተር ይልቅ ይቀርባል። ለምሳሌ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት አካባቢ ያለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ እንዲመርጡ ትፈቅዳለች፤ 16 ዓመት የሞላቸውም ይመርጣሉ። ይህን ከክፍሉ የሰማሁት አይደለም። አደገኛው ደግሞ ይህ በሁሉም ምርጫ ይፈቀዳል ብሎ ማሰብ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ወንጀል ነው፤ በማመልከቻው ላይም በምርጫ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ፣ መርጠህስ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። መንጃ ፈቃድ ስታሳድሱ ለመራጭነት ልመዝግብህ ሲሏችሁ አዎ ብሎ ማለፍ ማመልከቻን ሊያበላሽ ይችላል። አንድ ምሽት ለዚህ ቢሰጥ ምን ነበረበት?

ለማክሰኞም ፍትሕ ላድርግ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚደረገው የልምምድ ቃለ መጠይቅ ይጠቅማል። ወጣቷ ኮስተር ብላ መኮንን ትሆናለች፣ ከማመልከቻው ላይ ትጠይቃለች። ብዙ ሰው የሚንተባተበው በታሪክ ጥያቄ ሳይሆን በዚህ ክፍል ነው። «ሆነህ ታውቃለህ? አድርገህ ታውቃለህ?» እያለ የሚሄደው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ከበድ ይላሉ፤ ሳይገባው አዎ የሚል ሰው አለ። ባለቤቴ በዚህ ልምምድ ብቻ ብዙ ተጠቅማለች። በእንግሊዝኛው ወይም በመንግሥትና ታሪኩ ጥያቄ የወደቀ ሰው ደግሞ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በወደቀበት ክፍል ብቻ እንደገና እንደሚፈተን ስትነግረን የብዙው ሰው ትከሻ ወረደ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ወሰዱን። መግቢያው በነጻ ነው፣ ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው። አራቱ የሕገ መንግሥት ገጾችና የ39ኙ ሰዎች ፊርማ መስታወት ሥር ተዘርግተዋል። የነጻነት አዋጁ ቀለም ለቅቆ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ይነበባል። ልጆች ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰልፉ ቢረዝምም አትመለሱ።

ስለ ቦታው ጥቂት ልጨምር። ክፍሉ ከምድር ቤት ነው፤ ማሞቂያው ወይ ያቃጥላል ወይ ይበርዳል። ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ሲል በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ማስታወቂያ ጠበቃውን የሐሳባቸው መካከል ላይ ያቋርጣቸዋል፤ አምስተኛው ማሻሻያ ያለቀልን ኮሪደር ላይ ቆመን ነው። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ከላይ የሕፃናት ክፍል አለ፣ ሆኖም የሚጠብቅ ሰው የለም። ቡና የለም። የመኪና ማቆሚያው ማታም ያስከፍላል። ምዝገባው ቶሎ ይሞላል፤ ተጠባባቂ ላይ ከገባችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰላቸው ሰው ይቀራልና ቦታ ይለቀቃል። የሌሊት ሠራተኛ ከሆናችሁ ጠበቃው ሰዓት ያሻሽሉላችኋል፤ ለእኔ ብለው ሩብ ሰዓት ቀድመው ጀምረውልኛል።

የኪስ መጽሐፏን የሚያድሉት በመጀመሪያው ሐሙስ ብቻ ነው። ዘግይታችሁ ከገባችሁ የመረጃ ጠረጴዛው ላይ ጠይቁ፤ መሳቢያ ውስጥ አለች፣ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም።